ለአራት በአራት ክፍል የሚበቃ ድምፅ

አባቴ ዓይናቸው ሙሉ በሙሉ የጠፋ ዓመት ከዳባት ገጠር አንሥቼ ደባርቅ ወደምኖርበት ቤት አመጣኋቸው። ሐኪሙ የዓይን ግፊት ነው፣ የሄደው አይመለስም ብሎን ነበር። እናቴ ቀደም ብላ ዐርፋለች። ታላቅ ወንድሜ ጎንደር ከተማ ይነግዳል። እኔ ደባርቅ ሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ አስተምራለሁ፤ አላገባሁም። ማን ይውሰዳቸው የሚል ክርክር አልተነሣም። እኔ እወስዳለሁ አልሁ፣ ወሰድሁ።

አባቴ ሰው የለመዱ ናቸው። የአገራቸው ቤት መንገድ ዳር ስለነበረ ገበያ የሚሄደውም ከገበያ የሚመለሰውም ሳያወራቸው አያልፍም ነበር። ደባርቅ ላይ ግን እኔ ጠዋት ወጥቼ ከሰዓት እመለሳለሁ፤ እሳቸው በርኖሳቸውን ደርበው መደቡ ላይ ይውላሉ። ጓደኛቸው በባትሪ ድንጋይ የምትሠራ አንዲት ትንሽ ሬዲዮ ነበረች። እሷም ከቃሉ ይልቅ ሽሽሽ ማለቷ ይበዛል።

አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ሬዲዮዋ ጠፍታ አገኘሁ። የዜና ሰዓት ነበር።

«ምነው አባየ፣ ባትሪው አለቀ?» አልሁ።

«ባትሪውስ አለ። ደከመኝ ልጄ። ሰውየው አፉን በጨርቅ አፍኖ የሚናገር ነው የሚመስለኝ። ግማሹን እሱ ይናገራል፣ ግማሹን እኔ እሞላለታለሁ።»

ይህን እየሣቁ ነው የተናገሩት። እኔ ግን አልሣቅሁም። ዓይኑን ላጣ ሰው ጆሮው መስኮቱም በሩም ነው፤ እኔ ደግሞ በሩን በዚያች ዕቃ ዘግቼባቸው መዋሌ ገባኝ። ያን ዕለት ለቤቴ ደኅና የድምፅ ዕቃ ልገዛ ወሰንሁ፤ ለወንድሜም ደውዬ ነገርሁት።

«ለምን ገንዘብ ታባክኛለሽ? እኔ አለኝ» አለኝ።

ወንድሜ አንድ ሰሞን ለሠርግ የድምፅ መሣሪያ ያከራይ ነበር። ሥራውን ቢተወውም አንድ ትልቅ ስፒከር ከነአምፕሊፋየሩ መጋዘን ውስጥ አስቀምጧል። በሚቀጥለው ቅዳሜ በአይሱዙ ጭኖ ይዞት መጣ። ቁመቱ ደረቴ ድረስ ነው። ሁለት ሰዎች ተሸክመው ሲያስገቡት ባልቴቷ አከራዬ ከግቢው ማዶ ብቅ ብለው «ልጄ፣ ሠርግ አለሽ እንዴ? ሳትነግሪን?» አሉኝ።

ቤቴ አንድ አራት በአራት ክፍልና ከኋላ ትንሽ ማዕድ ቤት ናት። ግድግዳዋ ጭቃ፣ ወለሏ ሲሚንቶ፣ ጣሪያዋ ቆርቆሮ፣ ኮርኒሷ በማዳበሪያ ከረጢት የተወጠረ። ወንድሜ ስፒከሩን ማዕዘን ላይ አስደግፎ ፍላሽ ሰካበትና ከፈተው።

ቆርቆሮው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ኮርኒሱ ላይ የዓመታት አቧራ ተጠራቅሞ ኖሮ ለወንድሜ በቀዳሁለት ጠላ ላይ፣ በጫማው ላይ፣ በአባቴ ነጠላ ላይ ወረደ። ግቢው ውስጥ የታሰረችው የአከራዬ በግ ገመዷን በጥሳ ወደ መንገድ ወጣች። ወንድሜ ፊቱ በርቶ ቆሟል። አባቴን አየኋቸው። ሁለት እጃቸው የመደቡን ጠርዝ ጨብጧል።

«እንዴት ነው አባየ?» አለ ወንድሜ ቀንሶት።

«ብርቱ ነው» አሉ አባቴ። ከዚያ በላይ አልተናገሩም።

እኔ ሬዲዮኑን በሱ በኩል እንዲያሰማን፣ ድምፁንም ዝቅ እንዲያደርገው ጠየቅሁት። ዝቅ ሲል የዜና አንባቢው ድምፅ ከጉድጓድ የሚመጣ ሆነ፤ እምም የሚል ብቻ ቀረ። ቃሉ እንዲሰማ ከፍ ሲያደርገው ደግሞ ቆርቆሮው አብሮ ያነባል። መካከሉን ፈለግሁ፤ መካከል የለውም። የዚህን ምክንያት ተማሪዎቼን ሳስተምር የኖርሁ ሴት ነኝ። ወፍራም ድምፅ ጠባብ ክፍል ውስጥ ማዕዘን ሲያገኝ ይከማቻል፤ የሰውን ቃል የሚሸከመው ቀጭኑ ድምፅ ከሥሩ ይቀበራል።

ወንድሜ ሲሄድ አባቴ «ልጁ እንዳይከፋው ተይው፤ እኔ እለምደዋለሁ» አሉኝ።

«አንቱ የሚለምዱት ነገር በዝቷል አባየ። ይህን አይለምዱትም።»

በማግሥቱ ደወልሁለት። ዙሪያ ጥምጥም አልሄድሁም።

«ወንድም ጋሼ፣ ዕቃህ መጥፎ አይደለም። ሜዳ ላይ ለሚጣል ድንኳን የተሠራ ነው። እኔ ድንኳን የለኝም። ለጓሮ ጎመን አራት በሬ አይጠመድም።»

«ስጦታዬን መለስሽው ማለት ነው።»

«ዕቃውን መለስሁት። ስጦታው ጎንደር አብረኸን ዞረህ ማስመረጥህ ይሆናል።»

ስልኩን ዘጋው። ስፒከሩን በአይሱዙ መልሼ ላክሁለት፤ ብዙ ቀን አልደወለም። እኔም አልለመንሁትም፤ ትክክል እንደ ሆንሁ አውቅ ነበር። ቂም እንደማይዝም አውቅ ነበር።

በዚያ መካከል የሚያስፈልገኝን ለየሁ። አንደኛ፣ የሰው ንግግር ዝቅ ብሎ ሲከፈት ጥርት ማለት አለበት፤ ዘፈን ከዚያ በኋላ። ሁለተኛ፣ የአባቴ ግራ ጆሮ ደከም ያለ ስለሆነ ድምፁ ከሁለት አቅጣጫ መምጣት አለበት። ሦስተኛ፣ ደባርቅ መብራት ሲፈልግ ይሄዳል፣ ሲፈልግ ይመጣል፤ ስለዚህ በመኪና ባትሪም መሥራት አለበት። አራተኛ፣ ሳልበደር ከደመወዜ ያጠራቀምሁት ምን እንደሚችል ወስኛለሁ፤ ከሱ በላይ ላለው ዕቃ ዋጋውን አልጠይቅም። ሰው ዋጋ ጠይቆ ነው የሚሸነፈው።

አንድ ነገር ደግሞ ጨመርሁ። አከራዬን ቤታቸው ሄጄ ስለ ላማቸው እንዲያወሩኝ ጠየቅኋቸውና በስልኬ ቀዳኋቸው። ስለ ላማቸው አውርተው አይጠግቡም። አባቴ ያን ድምፅ በየቀኑ ከግቢው ማዶ ይሰሙታል። የማያውቁትን ዘፈን በማያውቁት ዕቃ ቢሰሙ የትኛው እንዳበላሸ አይለዩም፤ የሚያውቁትን ሰው ከሰሙ ግን ዕቃው ሊዋሻቸው አይችልም። የቀዳሁትን ፍላሽ ላይ ገለበጥሁት።

መንገዱ ደኅና በሆነበት ሰሞን አባቴን ይዤ በሚኒባስ ወደ ጎንደር ወረድሁ። ጎረቤቶች «ምን ያንገላታቸዋል፣ አንቺው ገዝተሽ ነይ» ብለውኝ ነበር። ሰሚው እሳቸው ሆነው ሳለ እኔ ምን ልመርጥ እሄዳለሁ? ጉዞውንም ወደዱት። ዳባት ስንደርስ ረዳቱ የሚጠራቸውን ተሳፋሪዎች እያዳመጡ፣ ከኋላችን የተቀመጠችውን ሴት የማን ልጅ እንደ ሆነች ጠይቀው፣ አያቷን አውቀው፣ እስከ አምባ ጊዮርጊስ አወጉ።

ወንድሜ መናኸሪያ ቆሞ ጠበቀን። አባቴ ይመጣሉ ከተባለ መቅረት አይችልም። ጉልበታቸውን ስሞ ክንዳቸውን ያዘ፤ ለኔ ግን ሰላምታው አጠር ያለ ነበር።

የገባንበት የመጀመሪያው ሱቅ ሻጩ ገና እግራችንን ሳናስገባ ቀይና ሰማያዊ መብራት የሚያበራ ስፒከር አጮኸልን። ቀንሰው አልሁት። «ሲቀነስ እኮ አይታወቅም» አለኝ። «ቤታችን የምንከፍተው ተቀንሶ ነው» አልሁና ፍላሼን ሰጠሁት። አከራዬ ስለ ላማቸው ማውራት ጀመሩ።

አባቴ ጆሮአቸውን አዘንብለው ሰሙ። «በርሜል ውስጥ ገብታለች» አሉ።

ሁለተኛው ሱቅ ውስጥ ቴሌቪዥን ሥር የሚቀመጥ ረዥም ቀጭን ዕቃ ነበረ። ቆንጆ ነው፣ ቦታም አይዝም፤ እኔ በልቤ ወደ እሱ አዘንብዬ ነበር። አባቴ «አሁንስ ጉንፋን ይዟታል» አሉ። ወንድሜ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ።

ሦስተኛው ያገለገሉ ዕቃዎችን የሚሸጥ ሰው ቤት ነው። ከመደርደሪያው ጥግ ሁለት የእንጨት ስፒከሮች አየሁ፤ እያንዳንዳቸው ከአንድ ጣሳ ብዙም አይበልጡም። አብሮአቸው በባትሪም በመብራትም የሚሠራ፣ ሬዲዮም የፍላሽ መሰኪያም ያለው ትንሽ አምፕሊፋየር አለ። መብራት የላቸውም፣ ሪሞት የላቸውም። አባቴን ወንበር ላይ አስቀምጬ ሁለቱን ከፊታቸው በግራና በቀኝ አራርቄ አቆምሁና ዝቅ አድርጌ አስከፈትሁ።

አባቴ ወዲያው ቀና አሉ። ጥቂት ሰሙና ሣቁ።

«ቆሎ እየቆረጠመች ነው እንዴ የምታወራው?»

ረስቼው ነበር። አከራዬ ሲያወሩኝ ከፊታቸው የገብስ ቆሎ በሰፌድ ነበረ፤ በየመካከሉ ያነሣሉ። እኔ ራሴ በስልኩ ደጋግሜ ስሰማው ያን አላስተዋልሁም። ወንድሜ ጎንበስ ብሎ ጆሮውን አስጠጋ፤ እውነትም በላሚቱ ወሬ መካከል ቆሎው ይሰማል። ሣቁን መያዝ አቃተው። ቀና ብሎ አየኝና «ገባኝ» አለ። ከዚያ ወደ ሻጩ ዞረ። «ክርክሩን ለኔ ተይው» አለኝ።

ሻጩ በመካከሉ «ትንሽ ቢጨምሩ ወፍራም ድምፅ የሚያወጣውን ልስጥዎት» ብሎኝ ነበር። «አልጨምርም» አልሁት፤ ዞር ብዬም አላየሁትም። ወንድሜ ነጋዴ ነው፤ እኔ ካሰብሁት በታች አስጨረሰውና የባትሪውን ሽቦም አስመረቀልን።

ደባርቅ ስንመለስ ሥራው አላለቀም። መጀመሪያ ስፒከሮቹን ቁም ሣጥኑ ላይ ግድግዳ አስጠግቼ አስቀመጥኋቸው፤ ጎንደር የሰማነው ድምፅ አልነበረም። ከግድግዳው ላይ እጄን ዘርግቼ እስከምደርስበት አራቅኋቸው፤ ተሻለ። አናጢ ጋ ሄጄ ከባሕር ዛፍ ሁለት ማቆሚያ አሠራሁ፤ ቁመታቸው መደብ ላይ ለተቀመጠ ሰው ጆሮ ልክ ነው። ባዶው ሲሚንቶ ድምፁን እየመለሰ ያንጫጫ ነበርና አጎዛ አነጠፍሁበት፤ ከመደቡ ትይዩ ካለው ግድግዳ ላይም የሱፍ ባና ሰቀልሁ። የግራውን ስፒከር ትንሽ ወደ አባቴ አስጠጋሁት። በያንዳንዱ ለውጥ እሳቸው «ቀረበ»፣ «ራቀ»፣ «እዚህ ላይ ተይው» ይላሉ። ሁለታችን አንድ ሥራ ከሠራን ብዙ ዓመት ሆኖን ነበር፤ ልጅ ሳለሁ አጥር ስናጥር እንዲህ ነበርን።

በመጨረሻ ዜናውን ከፈትሁ። አባቴ እስኪያልቅ ሰሙና «ይህ ሰውየ ወጣት ነው ለካ» አሉ።

አንድ ነገር አልተሸነፈልኝም። ክረምት ላይ በረዶ ቆርቆሮውን ሲመታ እንኳን እነዚህ፣ ያ ትልቁም አይሰማም። ኮርኒሱን ልቀይር አሰብሁና ወጪው ከዕቃው በለጠብኝ፤ ተውሁት። በረዶ ሲጥል አጠፋዋለሁ፤ እስኪያባራ ጋቢ ደርበን እንቀመጣለን። የወንድሜን ስፒከር ደግሞ በጥር ወር ከተማው ዳር ሜዳ ላይ በተጣለ ድንኳን ሰማሁት፤ እንደገና ማከራየት ጀምሯል። ሜዳው ላይ ግሩም ነበር። ይህንኑ ነገርሁት፣ ደስ አለው።

ድምፁን ፍለጋ ቀድመው የመጡት አከራዬ ናቸው። የራሳቸውን ወሬ ሲሰሙ «እኔ እንዲህ ነው እንዴ የማወራው?» ብለው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። እሑድ ከሰዓት በሬዲዮ የሚተላለፈውን ድራማ መስማት ጀመሩና ልማድ ሆነባቸው። ከዚያ ጡረታ የወጣ የጎረቤት ጤና ረዳት ተጨመረ፤ ከዚያ ሁለት አዛውንቶች። ጫማቸውን አውልቀው አጎዛው ላይ ይቀመጣሉ። አባቴ ማን እንደ ገባ በእርምጃው ለይተው በስሙ ይጠሩታል፤ ቦታም ያሲዙታል። ድራማው ሲያልቅ ክርክሩ ይጀመራል፤ ማን እንዳጠፋ፣ ማን መካስ እንዳለበት።

አንድ እሑድ ሁለቱ አዛውንት ከመደቡ ግራና ቀኝ ተራርቀው ተቀመጡ። ከቤታቸው መካከል በሚያልፍ የጎርፍ ቦይ ተጣልተው ኖሯል። ድራማው ሊጀመር ሙዚቃው ሲሰማ አባቴ እጃቸውን አነሡ።

«ልጄ፣ ለጊዜው ዝጊው።»

ዘጋሁት። አባቴ በአገራቸው ሳሉ ድንበር የተጣላ ሁሉ የሚመጣባቸው ሽማግሌ ነበሩ፤ ደባርቅ ውስጥ ይህን የሚያውቅ ከኔ በቀር አልነበረም።

«ሁለታችሁም እዚህ ገብታችሁ አንዳችሁም ለሌላው እንደምን ዋልህ አላላችሁም» አሉ። «አንተ ጀምር። ሲጨርስ አንተ ትቀጥላለህ።»

የመጀመሪያው ማንገራገር ፈልጎ ነበር፤ ግን ክፍሉ በሙሉ የሚጠብቀው እሱን ነበር። ተናገረ። ሁለተኛውም ተናገረ። አባቴ አንዴም አላቋረጧቸውም፤ ጥቂት ብቻ ጠየቁ፤ ውኃው ከየት እንደሚነሣ፣ ቦዩን መጀመሪያ የቆፈረው ማን እንደ ነበረ። ሲጨርሱ ቦዩን በጋራ እንዲያሰፉት፣ ድንጋዩን አንዱ እንዲያቀርብ፣ ጉልበቱን ሌላው እንዲያዋጣ ፈረዱ። ተስማሙ፤ ተነሥተውም ተሳሳሙ። ከዚያ ወዲህ ለአባቴ የሚመጣው እንግዳ ሁሉ ለሬዲዮ አይደለም፤ የተጣላም ለዳኝነት ይመጣል።

አከራዬ ብቻ ቅር አላቸው። ሳምንት ሙሉ የጠበቁት ድራማ አለፈባቸው። በሳምንቱ መካከል እንደሚደገም ነግሬያቸው፣ ያን ቀን ከሥራ ቶሎ መጥቼ ለብቻቸው ከፈትሁላቸው።