የማይቀመጡበት መደብ

የልጅ ልጄ ነርስ ሆና ጎባ ተመደበች። ትናንት አጠገቤ ተቀምጣ ስልኳን እየነካካች፣ "አባባ፣ አንዱ ሰፈር ውኃ አይጠፋበትም፣ ግን ከሆስፒታሉ ይርቃል። ሌላው ቅርብ ነው፣ ግን ጭቃ ነው አሉኝ። የቱን ልምረጥ?" አለችኝ። ከተማዋን አይታት አታውቅም፤ እኔም አላውቃትም። ጥያቄው ግን ለኔ አዲስ አይደለም። በጃንሆይ ጊዜ፣ ገና ጢሜ በቅጡ ሳያቀመቅም፣ አስተማሪ ሆኜ ሐረር ስመደብ ያንኑ ጠይቄ ነበር። መልሱን ያገኘሁት ደግሞ በብልኀት አይደለም፤ ነውር ሠርቼ ነው።

የሄድነው ከደብረ ብርሃን ነበር። ባለቤቴ አስካለ የመጀመሪያ ልጃችንን አርግዛ ስምንተኛ ወሯን ይዛለች። መስከረም ሊያልቅ ሲል ድሬዳዋ ከባቡር ወርደን፣ ብርቱካን ገዝተን፣ በአውቶቡስ የደንገጎን ዳገት ወጣን። የሐሮማያ ሐይቅ ብቅ ሲል እኔ እንደ ሕፃን በመስኮቱ አንገቴን አስግጌ ስደነቅ፣ እሷ የብርቱካኑን ልጣጭ አፍንጫዋ ላይ ይዛ አቀርቅራለች። ምን እንደሚያሳስባት አውቃለሁ። እናቷ ሞተዋል፤ እኅት የላትም። በኛ አገር ወላድ ስታምጥ ሴቶች ተሰብስበው እስክትገላገል ድረስ "ማርያም! ማርያም!" ይላሉ። "በሰው አገር ምጥ ሲይዘኝ ማን ማርያም ይልልኛል?" ትለኝ ነበር።

ቤት የሚያፈላልገን የሥራ ባልደረባዬ ታደሰ ነበር። አያቱ ከሸዋ ዘምተው መጥተው እዚያው የቀሩ፣ የሐረር ተወላጅ ነው። "ከጀጎል ቅጥር ውጭ ተከራይ" አለኝ። "ክርስቲያኑ፣ መምህሩ፣ ወታደሩ ያለው እዚያ ነው። ጀጎል ውስጥም አንድ ክፍል አለ፤ እሱን ለማየት ያህል እናየዋለን።"

ከቅጥሩ ውጭ ያለው ቤት አዲስ ቆርቆሮ የለበሰ፣ መንገዱ ቀጥ ያለ፣ ባሕር ዛፍ የሚሸትበት ነበር። ባለቤቱ ጡረተኛ ወታደር ናቸው። በር ላይ አቁመው አገሬን፣ አባቴን፣ ደመወዜን አንድ በአንድ ጠየቁኝ። አስካለ እግሯ አብጦ አንዱን ስታነሣ አንዱን ስትጥል አላዩም። እኔም፣ እውነቱን ልናገር፣ አላየሁም። ቤተ ክርስቲያኑ ቅርብ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ክርስቲያን፤ ሌላ ምን እፈልጋለሁ? በልቤ ጨረስኩ።

ሁለተኛው ቤት ጀጎል ውስጥ፣ ከቅጥሩ በሮች አንዱ በሆነው ኤረር በር አጠገብ፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን በማያሳልፍ ጠባብ የስርጥ መንገድ ውስጥ ነበር። ባለቤቷ እማማ ዘይነባ ባላቸው የሞቱባቸው ሙስሊም የአደሬ ሴት ናቸው። ገና ከደጅ የአስካለን እግር አይተው፣ "ወይኔ ልጄ! ግቢ፣ ግቢ!" ብለው ጎትተው አስገቧት፤ ትራስ ላይ እግሯን ሰቀሉ። በቡና ገለባና በወተት የሚፈላውን ሆጃ ሰጧት። ያ ቤት ግድግዳው ሁሉ ሰሐንና ስፌት፣ ወለሉ በቀይ አፈር የተቀባ፣ ከፍና ዝቅ ያሉ መደቦች ያሉት ነው። እኔ ሞኙ፣ ከሁሉ ከፍ ያለውን፣ ምንጣፉ ያማረውን መረጥኩና ዘፍ አልኩበት!

ታደሰ ክው አለ። እማማ ዘይነባ አንድ ጊዜ አዩኝ፤ ከዚያ ለኔም ሆጃ ቀዱልኝ። አስካለም እያፈረች፣ "ጎረቤት ክርስቲያን አለ?" አለች።

"ሩቅ ነው። ለምን ልጄ?"

የማርያሙን ነገር ነገረቻቸው። ሰምተው ራሳቸውን ነቀነቁና ሆጃዋን ደገሙላት።

ስርጡ ላይ ስንወጣ ታደሰ ክንዴን ያዘኝ። "አንተ ሰው! የተቀመጥክበት የአባወራው መደብ ነው። ባላቸው ከሞቱ ዓመት ሆኗቸዋል፤ ልጆቻቸው እንኳ አይቀመጡበትም።"

ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። "አለቀ፣ ተመልሼ ዓይናቸውን አላይም። የውጭውን ቤት እንይዛለን" አልኩ።

አስካለ መንገዱ መሐል ቆመች። "በሟች ባላቸው መደብ ላይ ስትከመር፣ እንግዳ እንዳያፍር ብለው ዝም ያሉ ሴት፣ በምጤ ቀን ይተዉኛል? እኔ የምወልደው እዚህ ነው!" አለች። እልኸኛ ናት፤ ክርክሩ እዚያው አበቃ፣ ክፍሉን ተከራየን።

ኅዳር ላይ፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ምጡ መጣ። እማማ ዘይነባ የሰፈሩን አዋላጅ ጠርተው አስቀመጡና፣ ሽርጣቸውን አጥብቀው፣ ለኔ አንድ ቃል ሳይተነፍሱ ሹልክ ብለው ወጡ። አንድ ሰዓት አለፈ። አስካለ "ማርያም!" እያለች ብቻዋን ትጮኻለች፤ የሚቀበላት የለም። እኔ ደጁ ላይ ቁጭ ብዬ ሴትዮዋን በሆዴ ረገምኩ። ጥለውን ሄዱ፣ የሰው ነገር እንዲህ ነው፣ ይኸው ሚስቴን ሰው አሳጣኋት አልኩ። ዛሬም ሳስታውሰው ያሳፍረኛል።

ከዚያ በስርጡ የብዙ እግር ኮቴ ሰማሁ። እማማ ዘይነባ ላብ በላብ ሆነው ከፊት፣ ነጠላ የለበሱ አምስት ሴቶች ከኋላ! በዚያ ዕድሜያቸው ጀጎልን ከዳር እስከ ዳር አቋርጠው፣ ከቅጥሩ ውጭ የማያውቁትን የክርስቲያን ደጅ ሁሉ እያንኳኩ ነው የለቀሟቸው።

"ማርያም የሚሉ አመጣሁ" አሉኝ እያለከለኩ። "አምስት ይበቃል? ካነሰ ልመለስ።"

በሩን ወለል አድርጌ ከፈትኩላቸው። ሴቶቹ ገብተው "ማርያም! ማርያም!" ሲሉ ቤቱ ተናወጠ። ከመሐላቸው አንዷ "ያ አላህ! መርየም! መርየም!" ትላለች፤ የማን ድምፅ እንደሆነ መቼም አይጠፋኝም። ቀትር ሳይሆን እልልታው ቀለጠ። ግንባሬን ግድግዳው ላይ አስደግፌ አለቀስኩ፤ ከደስታው እፍረቱ ባሰ።

ልጅቱ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ተነሥታ ስንመለስ፣ እማማ ዘይነባ ቤቱን አጥነው፣ የመደቡን ምንጣፍ ቀይረው ጠበቁን። ሕፃኗን ተቀበሉኝና ያንን ከፍ ያለውን መደብ አሳዩኝ።

"ተቀመጥ።"

"ኧረ እማማ፣ በፍጹም! እርስዎ ይቀመጡ።"

"ያኔ ሳልጋብዝህ ተቀመጥክ" አሉ እየሳቁ፣ "ዛሬ ስጋብዝህ እንቢ ልትል ነው? ይህ ቤት ልጅ ተወልዶበታል፤ አባት ያስፈልገዋል።"

ተቀመጥኩ። ልጄን አምጥተው ጭኔ ላይ አኖሯት። ሰባት ዓመት በዚያ ቤት ኖርን፤ አንድ ቀን እንኳ የሰው አገር ነው ብዬ አላውቅም። እማማ ዘይነባ ዛሬ የሉም፤ አስካለም የለችም። ለሁለቱም ማመስገኔን አላቆምኩም።

ያቺ ሕፃን የዚህች የነርሷ እናት ናት። ታሪኩን ስጨርስ የልጅ ልጄ ስልኳን አስቀምጣ፣ "እሺ አባባ፣ ታዲያ የትኛውን ሰፈር ልያዝ?" አለችኝ።

"ሁለቱም ጋ ሂጂ" አልኳት። "አንድ ነውር ሥሪና የባለቤቶቹን ፊት እዪ።"