በመዝገብ ያልነበረችው ደባላችን

ባለፈው ሳምንት ከከሚሴ ስመለስ የተሳፈርኩበት ሚኒባስ ኮምቦልቻ ላይ ጎማው ተነፈሰ። ሾፌሩ እስኪያስለጥፍ ተሳፋሪው በየጥላው ተበተነ፤ እኔም ከመንገዱ ማዶ ካለ ብየዳ ቤት ታዛ ሥር ቆምኩ። ታዛው ላይ የድሮ ተደራራቢ የብረት አልጋዎች ተቆልለዋል። ቀለማቸው ተላልጧል፣ ሽቦአቸው ረግቧል፤ በአንዳንዱ እግር ላይ በምስማር የተጫረ ስም ይታያል። በያጁ ሰውዬ ትክ ብዬ ሳይ አየኝና፣ "ከተማሪዎች ማደሪያ የወጡ ናቸው፤ ቆራርጠን በር እንሠራባቸዋለን" አለኝ።

አንዱ አልጋ ለብቻው በእግሩ ቆሟል። ጎንበስ ብዬ ከሥሩ ያለውን ክፍት ቦታ አየሁት። ሦስት ስንዝር ቢሆን ነው። ሰው እዚያ ውስጥ ስንት ሰዓት ሊተኛ ይችላል ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ መልሱን አውቀዋለሁ።

ያኔ ሃያ ዓመቴ ነበር። ደሴ ውስጥ መምህራን ከሚያሠለጥን ኮሌጅ ገብቼ ሁለት ተደራራቢ አልጋ ያለባት አንዲት ጠባብ ክፍል ደረሰችኝ። ከአራቱ መኝታ የአንዱ ሽቦ ስለተበጠሰ ሻንጣ እንቆልልበታለን እንጂ ማንም አይተኛበትም። ስለዚህ ሦስት ነበርን፤ እኔ ከኩታበር፣ ሊዲያ ከኮምቦልቻ፣ ፋጡማ ከሐርቡ ወጣ ብላ ካለች የገበሬ መንደር።

ደባል እንግዳ ነገር ነው። እህት አብራ ስታድግ ጠባይዋ ይለመዳል፤ ደባል ግን አድጋ፣ ጠባይዋን ጨርሳ ነው ከች የምትለው። ሊዲያ የሞቀ አገር ልጅ ስለሆነች የደሴን ብርድ እንደ ደመኛዋ ነበር የምታየው። ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ጉም በመስኮት እንዳይገባ ስንጥቁን ሁሉ በጨርቅ ትወትፋለች፤ እኔ ደግሞ የደጋ ልጅ ነኝና ካልተከፈተ ትንፋሽ ያጥረኛል። ቤተሰቧ ፕሮቴስታንት ናቸው። ማለዳ ከላይኛው አልጋ ላይ ብርድ ልብስ ተከናንባ ስትጸልይ፣ እኔና ፋጡማ ከታች ሱብሒ እንሰግዳለን። ክፍሏ ከመጥበቧ የተነሳ ሊዲያ መስገጃችንን እንዳትረግጥ በአልጋው ጫፍ ተንጠላጥላ ነበር የምትወርደው። የእናቷ ዳቦ፣ የእኔ በሶ፣ ፋጡማ ከቆላ የምታመጣው ማንጎ፣ ሁሉም አንድ ካርቶን ውስጥ ነው የሚቀመጠው። የማን እንደሆነ የሚጠይቅ አልነበረም።

ፋጡማ ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ሣቋን በሻርፕዋ ጫፍ የምትሸፍን ልጅ ነበረች። ከመንደሯ ሴት ልጁን ኮሌጅ የላከ የመጀመሪያው ሰው አባቷ ናቸው። የገዛ ወንድማቸው ልጅቱን ለወዳጁ ልጅ ለማጋባት ሽማግሌ ቢልክባቸው፣ "ልጄ አስተማሪ ትሆናለች። ካልሆነች ያን ጊዜ ትመጣላችሁ" ብለው መለሱት። ይህችን "ካልሆነች" የምትል ቃል ፋጡማ እንደ እሾህ በልቧ ይዛት ነበር። ከእሷ በታች ሁለት እህቶች አሏት፤ የእነሱም ትምህርት በእሷ ላይ የተንጠለጠለ መሆኑን ታውቃለች። የእኔንና የሊዲያን ያህል ደምራ ታጠና ነበር። ሒሳብ ግን እምቢ አላት።

የካቲት ላይ ውጤት ተለጠፈ። የተሰናበቱት ስም ለብቻው በአንድ ወረቀት ላይ ነበር፤ ከላይ ሦስተኛው መስመር ላይ ፋጡማ ሰይድ ይላል። ጣቷን ስሟ ላይ አድርጋ ብዙ ቆየች።

"ዘይኑ፣ ሌላ ፋጡማ ሰይድ ትኖር ይሆን?" አለችኝ።

"የለችም" አልኳት።

ከሰዓት በኋላ የማደሪያው ኃላፊ እትዬ ጥሩወርቅ መጥተው መታወቂያዋንና ፍራሿን ተረከቡ። ክፉ ሴት አልነበሩም። "አይዞሽ የኔ ልጅ፣ እንጀራ በአንድ በር ብቻ አይገባም" ብለው ፍራሹን ራሳቸው ተሸክመው ወጡ።

እኔና ሊዲያ እስከ መኪና ተራ ሸኘናት። የበልግ ካፊያ ይጥላል። የኮምቦልቻ ሚኒባስ ሞልቶ ሲጠራ ፋጡማ ጓዟ ላይ ተቀምጣ አልነሳም አለች። አላለቀሰችም። ፊቷ ብቻ የሞተ ሰው ፊት መሰለ።

"እኔ ለራሴ አይደለም" አለች። "እኔ ዛሬ ከገባሁ ነገ እህቶቼን ከትምህርት ቤት ያስወጧቸዋል። አባባ ለአጎቴ በምን አፋቸው ይመልሱለታል?"

ሊዲያ ጓዟን ብድግ አደረገችና፣ "እስከ ሰኞ እኛ ጋ ትቆያለች። ሰኞ እናስብበታለን" አለች።

ሰኞ ሦስት ወር ፈጀ።

ፋጡማ ከገበያ ከሚመለሱ ተማሪዎች ጋር ተደባልቃ በግቢው በር ገባች፤ ከዚያ በኋላ አልወጣችም። ከእኔ ጋር ባንድ ፍራሽ፣ እግርና ራስ ሆነን ተኛን። ምግብ የምንቀበለው በካርድ ስለነበር የሁለት ሰው ድርሻ ለሦስት ተከፈለ። ጠዋት ዳቦውን እጅጌዬ ውስጥ ከትቼ፣ ምሳ ላይ ደግሞ ሊዲያ ሽሮና እንጀራውን በላስቲክ ጠቅልላ ጋቢዋ ሥር አድርጋ እናወጣለን። ሁላችንም ሳንጠግብ ነው የምንውለው። ከስተን የሦስታችንም ልብስ ሰፋን።

እትዬ ጥሩወርቅ ማክሰኞ ማክሰኞ ክፍል ይፈትሹ ነበር። ኮቴያቸው ከኮሪደሩ ሲሰማ ፋጡማ እንደ እባብ ተስባ እኔ አልጋ ሥር ትገባለች፤ እኛ ሻንጣ ከፊቷ እንደረድራለን። ቀስ በቀስ ግን ሰው ሳይመጣም እዚያው መዋል ጀመረች። ከትምህርት ስመለስ ክፍሉ ባዶ ይመስለኝና፣ "ፋጤ" ስል ከአልጋው ሥር "አለሁ" ትለኛለች። ሲሚንቶው ብርድ ነው። መሳል ጀመረች፤ ሳሏን ደግሞ በሻርፕ አፍና ነበር የምትስለው።

ለአባቷ አንዴ ደብዳቤ ጻፈች። "አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ፣ ትምህርቱም ደህና ነው" የሚል። ከመታሸጉ በፊት ሰጠችኝና፣ "የፊደል ስህተት ካለ አርሚልኝ። አስተማሪ ሊሆን ያለ ሰው ስህተት ከጻፈ ይጠረጥራሉ" አለችኝ። አንዲት ፊደል አረምኩላት። በዚያው ሰሞን መስገድ አቆመች። ሳልጠይቃት፣ "ውሸት ላይ ቆሜ ምኑን እሰግዳለሁ?" አለች። ምን ልበላት? "አብሽሪ" አልኳት። ያን ጊዜ ለሁሉም ነገር መልሴ አብሽሪ ነበር።

አሁን የምናገረውን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ፋጡማ ውለታው ስለከበዳት ክፍሉን መጥረግ ጀመረች። ቀጥላ ሳህናችንን፣ ቀጥላ ልብሳችንን ማጠብ። መጀመሪያ "ተይ" አልናት፤ ከዚያ ዝም አልን፤ ከዚያ ለመድነው። እኔ ከሊዲያ ብሼ ለመድኩት። አንድ ቀን ፈተና ደርሶብኝ ስቸኩል ቀሚሴን ከገመድ ላይ ብፈልግ አጣሁት። እርጥብ ሆኖ ባሊ ውስጥ ነው።

"ዛሬ እንደምፈልገው አታውቂም? ቀኑን ሙሉ ምን ስትሠሪ ዋልሽ?" አልኳት።

ፋጡማ ቀና ብላ አየችኝ። "ይቅርታ ዘይነባ" አለች። ዘይኑ አላለችም። ሙሉ ስሜን ጠርታኝ አታውቅም ነበር። ሊዲያ ከላይኛው አልጋ ላይ ሰምታ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። እኔ ሌላ ቀሚስ ለብሼ ሄድኩ። ፈተናውንም በደንብ ሠራሁ።

ግንቦት ላይ አንድ ቅዳሜ ረፋድ አንዲት ልጅ መጥታ፣ "በር ላይ ዘበኛው ይፈልግሻል፤ ከሐርቡ የመጡ ሽማግሌ አሉ" አለችኝ። ሦስታችንም ደረቅን። ፋጡማ አልጋው ሥር ገባች። ከዚያ ሆና ቁርጭምጭሚቴን ያዘችኝ።

"ለልምምድ ገጠር ወጥታለች በይልኝ። በአላህ ይዤሻለሁ።"

አባቷ ከበሩ ውጭ ቆመዋል። ራሳቸው ላይ ነጭ ሻሽ ጠምጥመዋል፤ እግራቸው ሥር በጆንያ የታሰረ ማንጎ አለ። ሳያቸው ፋጡማን አየኋት፤ ቁመቷ የእሳቸው ነው።

"አሰላሙ አለይኩም አባባ።"

"ወአለይኩሙ ሰላም የኔ ልጅ። ዘይነባ ማለት አንቺ ነሽ? በደብዳቤዋ አንስታሻለች። ይህ ሰውዬ 'በመዝገብ የለችም' ይለኛል። ስሟን አሳስቶ ይሆን?"

"ለማስተማር ልምምድ ወደ ገጠር ወጥታ ነው። ሳምንት ትቆያለች" አልኩ። ድምፄ ለራሴም የሌላ ሰው መሰለኝ።

ትክ ብለው አዩኝ። ቁጣ አልነበረባቸውም። በዱላቸው አፈሩን ትንሽ ጫር ጫር አደረጉ።

"ወላሂ በይኝ" አሉ።

አፌን ከፈትኩ፤ ቃሉ አልወጣም። መዋሸቱንስ ዋሽቻለሁ፣ ያቺን ቃል ግን በአባት ፊት በሐሰት መጥራት አቃተኝ። ዓይናቸው ሲቀየር አየሁ። ዱላውን በሁለት እጃቸው ያዙት።

"በሕይወት አለች?" አሉኝ፣ በሹክሹክታ።

እስከዚያች ደቂቃ ድረስ አባትየው ሊቆጡ፣ ሊረግሙ፣ ሊያፍሩ እንደሚችሉ ነበር ያሰብነው። ሞታለች ብለው ሊፈሩ እንደሚችሉ ማናችንም አላሰብንም።

"አለች አባባ። አለች። ፈተና ወድቃ ተሰናበተች። እርስዎን ፈርታ ሦስት ወር እኛ ጋ ተደብቃ ነው።"

እዚያው ጆንያው አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጡ። "አልሐምዱሊላህ" አሉ፤ ደግመው "አልሐምዱሊላህ" አሉ። ፊታቸውን በሻሻቸው ጫፍ ሸፈኑ። ዘበኛው ፊቱን ወደ መንገዱ አዞረ።

ወደ ክፍሉ ስመለስ ፋጡማ ከኮቴዬ ብቻ ገባት።

"ነገርሻቸው" አለች።

"ሞታለች ብለው ፈሩ። ምን ላድርግ?"

"ሞታለች ብትዪ ይሻል ነበር።"

ከአልጋው ሥር አልወጣ አለች። ለመንኳት፣ አልሰማችኝም። በመጨረሻ ሊዲያ ሻንጣዎቹን አነሳችና ወለሉ ላይ በሆዷ ተኝታ ተስባ ገባች። ሁለቱ በዚያ ጠባብ ቦታ ፊት ለፊት ተኙ። ሊዲያ የምትለውን አልሰማሁም፤ ጸሎት ይሁን ልመና አላውቅም። የሰማሁት የፋጡማን ለቅሶ ነው። በሦስት ወር ውስጥ የመጀመሪያዋ ነበር፤ ድምፅ አውጥታ አለቀሰች፣ ማንም ይስማኝ ብላ። እትዬ ጥሩወርቅ ደጃፉ ላይ ደርሰው ሁሉንም አዩ። ሄደው አንድ ብርጭቆ ውኃ ይዘው መጡ።

ስትወጣ ግቢው ሁሉ ፀሐይ ነበር፤ ዓይኗን በእጇ ጋርዳ ነው የሄደችው። አባቷ ቆመው ጠበቋት። እግራቸው ላይ ልትወድቅ ስትል በክንዷ ያዟት።

"እንዴት ከሳሽ" አሉ።

ጓዟን ከእጇ ተቀብለው ራሳቸው ተሸከሙት። ማንጎውን ለእኛ ተዉልን። ፋጡማ ሊዲያን አቅፋ ሳመቻት፤ በእኔ በኩል ስታልፍ ግን አንገቷን ደፍታ አለፈች። ቁልቁለቱን ሲወርዱ አየኋቸው፤ አባት ከፊት፣ ልጅ ከኋላ፣ ሁለቱም ረጃጅም። ሁለት ደብዳቤ ላክሁላት፤ መልስ አልመጣም።

ከስምንት ዓመት በኋላ ደሴ ሳስተምር አንዲት ተለማማጅ መምህርት ትምህርት ቤታችን ተመደበች። ሰዓዳ ሰይድ፣ ከሐርቡ። ስትሥቅ አፏን በሻርፕ ሸፈነች፤ ያኔ ማን እንደሆነች አወቅሁ። ቀሪውን ከእሷ ሰማሁ። አባቷ ለመንደሩ፣ "ልጄን ብርድ መታብኝ፤ ያስቀረኋት እኔ ነኝ" ብለው ነበር። አጎቷ ግን አልተኛም፤ ያን የድሮ ቃል ይዞ ሽማግሌዎቹን መልሶ ላከ፤ ታናናሾቹም ይቅሩ አለ። አባትየው ሊጣሉ ሲነሱ ፋጡማ ራሷ ሽማግሌዎቹ ፊት ወጣች። "እኔ አገባለሁ። እህቶቼን ግን ማንም አይንካቸው" አለች። ተዳረች። ሁለቱ እህቶቿ ተማሩ። የቤት ሥራቸውን የምታሠራቸው፣ ያንኑ ሒሳብ የምታስረዳቸው፣ እሷ ነበረች።

"ስለ እኛ ታነሳለች?" አልኳት ሰዓዳን፣ እየፈራሁ።

"ሁሌ" አለችኝ። "ደግ ልጆች ነበሩ ትላለች። ከአፋቸው ቀንሰው ሦስት ወር አበሉኝ ትላለች።"

ጠመኔ ላምጣ ብዬ ከክፍሉ ወጣሁ። ጠመኔው እጄ ላይ ነበር።

ለአባቷ በመንገሬ ብዙ ዓመት ራሴን ስከስስ ኖሬያለሁ። ዛሬ አልከስስም፤ ሳልነግራቸው የቆየሁበት ጊዜ ነው የሚቆጨኝ። ሰውን መደበቅ ብቻውን ማዳን መስሎን ነበር። ሦስት ወር ሙሉ አንድም ቀን ተቀምጠን "ምን ይሻልሻል?" ብለን አልጠየቅናትም። የቀሚሱን ነገር ግን በማንም አላመካኝም። ከአፏ ቀንሳ ያበላች ዘይነባና ቀኑን ሙሉ ምን ስትሠሪ ዋልሽ ያለች ዘይነባ አንድ ሰው ናቸው። ፋጡማ የመጀመሪያዋን ብቻ ይዛ መቅረቷ ምሕረት ይሁን መርሳት፣ ጠይቄ አላውቅም።

ጎማው ተለጥፎ ሾፌሩ ጠራን። የሐረጎን ዳገት ወደ ደሴ ስንወጣ አየሩ እየቀዘቀዘ መጣ፤ አጠገቤ ያለችው ሴት መስኮቱን ዘጋች። በዚያው ቀን ረፋድ የፋጡማን አገር ሐርቡን አልፌ ነበር። ሚኒባሱ ሰው ሊያወርድ ቆሞ፣ ረዳቱ በሩን ይዞ፣ "ሌላ ወራጅ አለ?" ብሎ ጠይቋል። በዚያ መንገድ በተመላለስኩ ቁጥር ይጠይቃል። እኔም እንደ ሁልጊዜው ቦርሳዬን ጭኔ ላይ አጥብቄ ይዤ ዝም አልኩ።