ጉድጓድ ውስጥ የቀረው ሰውዬ

ልጅ ሳለሁ ገርጂ ከተማ አልነበረችም። ዛሬ በታክሲ ከመገናኛ ተነሥቼ ኢምፔሪያል ጋ ስደርስ፣ ጫካው የቱ ጋ እንደነበረ ለመለየት በመስኮት ባይም የማየው ፎቅና ሱቅ ብቻ ነው። ያኔ ከቤታችን ጓሮ ጀምሮ ወደ ጎሮ አቅጣጫ የሚዘልቅ ባሕር ዛፍ ነበር። ጫካው የገበሬ ማኅበሩ ስለነበረ ዛፍ መቁረጥ ክልክል ነው፤ የወደቀ ቅጠልና ጭራሮ መልቀም ግን ለሰፈሩ ልጆች ይፈቀድ ነበር። እኔም ከትምህርት ቤት ስመለስ ደብተሬን አስቀምጬ፣ የቃጫ ገመዴን ትከሻዬ ላይ ጥዬ፣ ከጎረቤታችን ልጅ ከሙሉ ጋር እወጣ ነበር።

የጫካው ጠባቂ ጋሽ እንድሪስ ይባሉ ነበር። የወሎ ሰው ናቸው። በጉልበታቸው ዘመን ከሲራራ ነጋዴዎች ጋር በቅሎ እየጫኑ አገር ላገር ዞረው፣ ንግዱ በመኪና ሲተካ ከተማው ዳር ቀሩ። አንድ ዓይናቸውን ሞራ ሸፍኖት ስለነበረ ጫካውን የሚጠብቁት በጆሯቸው ነው ማለት ይቻላል፤ የመጥረቢያ ድምፅ ከየት እንደመጣ ለይተው፣ «ተው አንተ፣ ሰምቼሃለሁ» ሲሉ ሌባው ስሙን የጠሩት ይመስለው ነበር።

እኔና ሙሉ የምናስረው ሸክም መንገድ ላይ ይበተንብን ነበር። አንድ ቀን ከጎጇቸው ደጃፍ ሲበተን ሰምተው ጠሩን፤ ቋጠሮ ማስተማር የጀመሩት ያን ዕለት ነው። መጀመሪያ የሸክሙን አስተማሩን፤ በጎተቱት ቁጥር እየጠበቀ የሚሄደውን፣ ሸምቀቆውን። እሱን እጃችን ቶሎ ለመደው፤ ከዚያ በኋላ ቅጠላችን መንገድ ላይ ወድቆ አያውቅም።

ለእያንዳንዱ ቋጠሮ ተረት ነበራቸው። የሚያወሩልን ግን እስከ ግማሹ ነው። ደረቅ ቅጠል እሳቱ ላይ ጣል ያደርጉና፣ ጢሱ ዓይናችንን ሲያቃጥለን እየተጠጋጋን፣ ፍሙ እስኪቀላ ድረስ ቀስ ብለው ይተርኩልናል፤ ልባችን ሲንጠለጠል ገመዱን ይወረውሩልናል። ከሁለታችን አንዳችን ዓይናችንን ጨፍነን ቋጠሮውን ሦስት ጊዜ ስናስር ቀሪው ለሁለታችንም ይወራል። ሰዓት እላፊ ስላለ ከመምሸቱ በፊት ቤት መግባት ነበረብን፤ የጎደለውን ተረት ይዤ እገባና በኩራዝ ብርሃን የእናቴን የመቀነት ጫፍ እየቋጠርኩ እፈታ ነበር። «ተይ ልጄ፣ መቀነቴን ጨረስሽው» ትለኝ ነበር እናቴ።

የመጨረሻው ተረት የሁለት ወንድማማች ነጋዴዎች ነበር። ውኃ በሌለበት በረሃ ሲሄዱ ጥልቅ ጉድጓድ ያገኛሉ። ታናሹ ቀላል ስለሆነ ወገቡን በገመድ ታስሮ እንዲወርድ ይስማማሉ። ታላቁን ውኃ ጥም አናውዞታል፤ የሚያስረውን ቋጠሮ በቅጡ አያይም። አስሮ ያወርደዋል። ታናሹ ከሥር ቅሉን ሞልቶ፣ «ወንድሜ፣ ጎትተኝ» ይላል። እዚህ ላይ ጋሽ እንድሪስ ገመዱን ወረወሩልን።

ሲጎትተው ገመዱ ጨብጦ የሚገድለውን ነው ያሰረው ወይስ የማይጠብቀውን? ያን ለመስማት የማይጠብቀውን ቋጠሮ ማወቅ ነበረብን። በቅሎም ሆነ ጥጃ አንገቱ የሚታሰረው በሱ ብቻ ነው፤ ነፍስ ያለው ነገር በሸምቀቆ አይታሰርም ይሉን ነበር። ገመዱ ላይ ትንሽ በር ሠርተው፣ «እንግዳው በበሩ ይገባል፣ ምሰሶውን ይዞራል፣ በገባበት በር ተመልሶ ይወጣል» እያሉ ጣታችንን ይዘው ያዞሩናል። ሲይዙኝ ይሆንልኛል፤ ሲለቁኝ ይጠፋብኛል። ሳምንት ሙሉ ሞከርን። ሙሉ በየቀኑ መንገድ ላይ ታላግጥብኝ ነበር፤ «ኧረ ቶሎ በይ፣ ሰውዬው በብርድ ሊሞት ነው።»

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ቤታቸው የመጣ እንግዳ ልታስተናግድ ሙሉ ቀረች፤ ብቻዬን ወጣሁ። ጋሽ እንድሪስ የማኅበሩን ጥጃ ይዘው ቆመዋል፤ ላሚቷ ከግጦሽ ስትመለስ ሳትታለብ እንዳይጠባት ከጎጇቸው አጠገብ ካለው ግንድ ጋር ያስሩት ነበር። ሊታጠቡና ሊሰግዱ ወደ ምንጩ ሊወርዱ ነው።

«ቋጠሮውን ለመድሽው?» አሉኝ።

«ለምጄዋለሁ» አልኩ።

ለምን እንዳልኩ አሁንም በቅጡ አላውቀውም። ከሙሉ ቀድማ አወቀች እንዲባልልኝ ነው መሰል፤ የተረቱም ናፍቆት ነበረበት። እሳቸው ግን ደስ አላቸው። ገመዱን ሰጡኝ። ሲመለሱ ተረቱን እንደሚጨርሱልኝ ነግረውኝ ወረዱ።

ሞከርኩ። እንግዳው ገባ፤ ምሰሶውን በየት በኩል እንደሚዞር ጠፋብኝ። ፈትቼ እንደገና ሞከርኩ። በዚህ መሐል ሰማዩ ጠቁሮ ጠብታ ጀመረ፤ ጥጃው ተወራጨብኝ። እጄ የሚያውቀውን አሰረ። የሸክሙን ቋጠሮ። ላላ አድርጌ ስለተውኩት ከሩቅ ሲያዩት ያው ይመስላል። ነገ መጥቼ ሳያዩ አስተካክለዋለሁ ብዬ ቅጠሌን ተሸክሜ በዝናብ ወደ ቤቴ ሮጥኩ።

በማግስቱ ቅዳሜ ነበር። ከሙሉ ጋር ስንወጣ ጎጆው ደጃፍ ሰው ተሰብስቧል። ማታውን ጋሽ እንድሪስ ከምንጩ ሳይመለሱ ላሚቷ ስትመጣ፣ ጥጃው ወደ እናቱ ሲጎትት ገመዱ አንቆ ገድሎታል። የኔ ጥፋት መሆኑን ማንም አልነገረኝም፤ አንገቱ ላይ ያለውን ቋጠሮ አይቼ ነው ያወቅሁት።

የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ማን እንዳሰረው ጠየቀ።

«እኔ ነኝ» አሉ ጋሽ እንድሪስ።

ሊቀመንበሩ ወደ ሰዉ ዞሮ ሳቀ። «አርባ ዓመት በቅሎ የጫነ ሰው ጥጃ በሸምቀቆ ያስራል? ይሄ ስሕተት አይደለም፤ አሻጥር ነው።»

ያኔ አሻጥር የሚባለው ቃል ምን እንደሚያመጣ ልጅም ያውቅ ነበር። ሙያቸው ነው የያዛቸው። ሌላ ሰው ቢሆን አላወቀም ይባልለት ነበር፤ እሳቸው አላወቁም ቢባል ማን ያምናል? አንድ ልጅ ወጥታ እኔ ነኝ ብትል ግን ነገሩ የልጅ ጥፋት ሆኖ በቁጣ ወይ በአርጩሜ ያልቅ ነበር። ያቺ ልጅ ገመዷን ትከሻዋ ላይ አድርጋ ከሰዉ መሐል ቆማለች። ሙሉ እጄን ያዘችኝ፤ ምን ሆነሽ ነው አለችኝ። በርዶኝ ነው አልኳት።

በዚያ ዘመን ልጅ ከደጅ ሲወጣ አፉን ይዞ እንዲሄድ ነበር የሚመከረው። አባቴ ዘመቻ ሄዶ ነበር፤ እናቴም ሰው በተሰበሰበበት አንዲት ቃል እንዳይወጣን ዘወትር ታስጠነቅቀን ነበር። ይህን ብዙ ጊዜ ለራሴ ምክንያት አድርጌ አቅርቤዋለሁ። እግዚአብሔር ግን ልቤን ያውቃል፤ ዝም ያልኩት እናቴን ሰምቼ አይደለም፤ ውሸቴ ጋሽ እንድሪስ ባሉበት ሰው ፊት እንዳይጋለጥብኝ ነው።

ሁለት ሳምንት አሰሯቸው። በየቀኑ ዛሬ እናገራለሁ እያልኩ እነሣለሁ፤ በየቀኑ ይመሻል። ሲለቋቸው ጎጆው ውስጥ ሌላ ጠባቂ ገብቶ ነበር። ወደ አገራቸው ሊሄዱ ጓዛቸውን ጠቅልለው በደጃችን አለፉ። እናቴ ውኃ ልትሰጣቸው አስገባቻቸው። ከስተው ልብሱ ሰፍቷቸዋል። ውኃቸውን ጠጥተው ሲያበቁ ከጓዛቸው አንድ ክንድ የምታህል ገመድ አወጡ።

«እጅሽን ስጪኝ» አሉኝ።

ሰጠኋቸው። ያን ቋጠሮ ቀስ ብለው ክንዴ ላይ አሰሩና ሳብ አደረጉት። ገመዱ አልጠበቀም። ደግመው በኃይል ሳቡት፤ እንደ አምባር ልል ሆኖ ቀረ።

«አየሽ፣ አይጨብጥም» አሉ። ከዚያ ፊቴን በደህናው ዓይናቸው አይተው፣ «አብሽሪ ልጄ፣ አይዞሽ» ብለው ተነሡ።

እናቴ ነገሩ ስላልገባት ሳቀች። በሩ ላይ ቆሜ ጀርባቸውን አየሁ፤ መንገዱ ረጅምና ቀጥ ያለ ስለነበረ ሮጬ ለመድረስ ብዙ ጊዜ ነበረኝ። አልሮጥኩም። ዳግመኛ አላየኋቸውም።

ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ካገባሁ በኋላ፣ ለንስሐ አባቴ ነገርኳቸው። ስግደትና ጾም ሰጡኝ፤ ፈጸምኩ። ሰውየውን ፈልገሽ ይቅርታ ጠይቀሻል ወይ ብለውም ጠየቁኝ። አገራቸውን ወሎ ከሚለው በቀር አላውቀውም።

ልጆቼ ትንንሽ ሳሉ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ጽድ ሥር እያስቀመጥኩ ያን ቋጠሮ አስተማርኳቸው። እንግዳው ይገባል፣ ምሰሶውን ይዞራል፣ በገባበት ይወጣል። ተረቱንም አወራኋቸው፤ እስከ ጉድጓዱ ድረስ። ጋሽ እንድሪስ እንዴት እንዳስተማሩኝ፣ አገራቸው ሲሄዱም ቤታችን ገብተው ውኃ እንደጠጡ ነገርኳቸው፤ ጥጃውን ግን አላነሣሁትም። ወንዱ ወዲያው ወንድሙ አውጥቶታል ብሎ ወሰነና ሊጫወት ሄደ። ሴቷ ልጄ ግን ገመዱን እንደያዘች ቁጭ አለች። ዘጠኝ ዓመቷ ነበር፤ እኔ ያኔ የነበርኩትን ያህል።

«እማዬ፣ ውኃ ሊጠጡ ቤታችሁ ገብተው ነበር አላልሽም? ታዲያ ያኔ መጨረሻውን ለምን አልጠየቅሻቸውም?»

መጠየቅ እችል ነበር። ጓዛቸውን አስቀምጠው፣ ተቀምጠው ይነግሩኝ ነበር፤ ያን ዕለትም እንኳ የሚነግሩኝ ይመስለኛል። ግን ያን ለመጠየቅ መጀመሪያ ሌላውን መናገር ነበረብኝ። ለልጄ ረሳሁት አልኳት። እሷም እንደ ጋሽ እንድሪስ ፊቴን አየችና ገመዱን ቋጠሮውን ሳትፈታ ጭኔ ላይ አስቀመጠችልኝ።