በገና ዕለት የተያዘው በሬ

ባለፈው ሳምንት ሁለት ወጣቶች ቢቸና ቤቴ ድረስ ፊርማ ሊያሰባስቡ መጡ። የኳስ ውርርድ የሚካሄድበት ቤቲንግ ቤት ትምህርት ቤት አጠገብ እንዳይከፈት የሚከለክለው ደንብ እንዲነሳ፣ ባለቤቶቹ ለከተማው ምክር ቤት አቤት ሊሉ ነው።

«እማማ፣ የእርስዎ ስም ካለበት ይሰሙናል።»

«አልፈርምም» አልኳቸው። ሲወጡ ታላቅ ወንድሜ ስሜነህ ትዝ አለኝ።

ሃያ ዓመት አልሞላኝም ነበር። አባታችን ከሞተ ወዲህ እናታችንን ይዘን የምንኖረው በአንድ ጥማድ በሬ ነው። ስሜነህ በገና ጨዋታ «ሰፈራችን ያሸንፋል» ብሎ ጠጅ ቤት ካለው ደምስ ከሚባል ሰው ጋር ተወራረደ። አንዱን በሬ አስይዞ በሦስት እማኝ ፊት ፈረመ። ሰፈራችን ተሸነፈ።

ደምስ ብልጥ ነበር። ነገሩን የሚያዩት ሽማግሌዎች ከመቀመጣቸው በፊት ቤቱ ጠርቶ በግ አረደላቸው። ወዲያው አገሩ ሁሉ «ውርርድም ውል ነው፤ የፈረመ ያስረክባል» ይል ጀመር። ሽምግልናው ለእሑድ ተቀጠረ።

እኔ ሐሙስ ማለዳ ሞጣ ወዳሉት የእናቴ አጎት ተሳፈርኩ። ዳኛ ነበሩ። ጤፍ የሚወቃበት ጊዜ ነውና እብቁ ከየአውድማው እየተነሳ በአውቶቡሱ መስኮት ይገባል።

«ልጄ፣ በውርርድ የተገባን ግዴታ ዳኛ አያስፈጽምም» አሉኝ የእናቴ አጎት። «ግን ሕጉን የሚነግራቸው ሰው ያስፈልጋል።» አንቀጹን በእጃቸው ገልብጠው ሰጡኝ።

ዓርብና ቅዳሜ የሽማግሌዎቹን በር አንድ በአንድ አንኳኳሁ። የማርደው በግ የለኝም፤ ወረቀቷን አነበብኩላቸው። አንዱ በሩን ዘጋብኝ። ከመካከላቸው ያሉት መሪጌታ ግን ሦስት ጊዜ አስነበቡኝና «ይህን እስከዛሬ ማን ነገረን?» አሉ።

እሑድ የተናገሩት እሳቸው ናቸው። «በሬው አይነካም። ደምስ፣ ቅር ካለህ ፍርድ ቤቱ ያውልህ።»

ደምስ ፍርድ ቤት አልሄደም። ስሜነህ ግን «በሰው ፊት ቃለ አባይ አደረግሽኝ» ብሎ እስከ ፋሲካ አኮረፈኝ። ከሽማግሌዎቹ ደጅ ይልቅ ያ ዝምታው ከብዶኝ ነበር። ይቅር ማለቱን በአፉ ነግሮኝ አያውቅም። ብቻ ያን ክረምት ማሳችንን በገዛ ጥማዳችን አረሰ፤ ከዚያ ወዲያም አልተወራረደም።

ምክር ቤቱ ማክሰኞ ይሰበሰባል። ባለ ቤቲንግ ቤቶቹ አባላቱን ምሳ ጋብዘዋል ሲሉ ሰማሁ። ጉልበቴ እንደ ድሮው ባይሆንም ደንቡ እንዳይነሳ ልነግራቸው ከነገ ጀምሬ በየአባላቱ ቤት እሄዳለሁ። የሰፈሬ ልጆች ይቆጡኝ ይሆናል፤ ይቆጡኝ።