በጾም የተጠበሰ እንቁላል

ቁርጭምጭሚቴ የተሰበረው ከመካነ ሰላም ወጣ ብለን ቁልቁለት ላይ ሩጫ ስንለማመድ ወድቄ ነው። ለወረዳው የምሮጥ ልጅ ነበርኩ። ደሴ እግሬ በጀሶ ከታሰረ በኋላ ሐኪሙ እንቁላልና ወተት አብዝቼ እንድወስድ፣ ተኝቼም ቢሆን ጭኔንና ሆዴን የሚያጠነክር እንቅስቃሴ እንዳላቋርጥ ነገረኝ።

ቤት ስደርስ ዐቢይ ጾም ገብቶ ነበር። እናቴ በጾም እንኳን እንቁላል ልትጠብስ የቅቤ ዕቃም የማትነካ ሴት ናት። ለእኔ ስትል ግን የንስሐ አባቷን አስፈቅዳ ጠዋት ጠዋት ትጠብስልኝ ጀመር። እሷ ራሷ ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ እህል አትቀምስም።

«እማዬ፣ ከሳሽ እኮ። ትንሽ ቀደም ብለሽ ብትበዪስ?» አልኳት።

«እኔ የምሮጥበት የለኝ። አንቺ ብይና እግርሽ ይጽና» አለችኝ።

በጀርባዬ ተኝቼ ደህናውን እግሬን ሳነሳና ሳወርድ አጠገቤ ተቀምጣ «በርቺ፣ በርቺ» ትለኝ ነበር።

ከፋሲካ በኋላ አብረን ደሴ ተመለስን። ሐኪሙ ራጁን አይቶ አጥንቱ ተጣሞ እንደገጠመ፣ መራመድ እንጂ መወዳደር እንደማልችል ነገረኝ። እናቴ ውጭ አግዳሚ ወንበር ላይ ትጠብቀኝ ነበር። ወጥቼ ነገርኳት። የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ አድርጋ፣ «ምናልባት የእኔ ጾም ጎድሎ ይሆናል፣ ልጄ» አለችኝ።

ከወደቅኩ ወዲህ አልቅሼ አላውቅም ነበር። እዚያው ሰው ሁሉ እያየን ከሲታ ትከሻዋን አቅፌ አለቀስኩ።