ትግሉ እሱ ጋ፣ ድምፁ ማዶ

ሰፈሩ ሁሉ «ጋሽ ዴክ» ነው የሚለው። እናቱ ያወጣችለትን ስም የሚያውቀው መታወቂያው ብቻ ሳይሆን አይቀርም። ሥራው ቴሌቪዥን መጠገን ነው። ሱቁ ጠባብ ናት፤ ሆዳቸው የተዘረገፈ ቴሌቪዥኖች እስከ ጣሪያ ተደርድረዋል፣ መሃል ላይ አንድ ጠረጴዛ፣ ጠረጴዛው ላይ መበየጃ፣ ከኋላ ደግሞ መጋረጃ አለ። ከመጋረጃው ጀርባ ያለችው ክፍል ናት እንግዲህ የሱ ግዛት።

እዚያ አርባ አንድ የቪዲዮ ካሴት አለው። ሁሉም ሬስሊንግ ነው። ድሮ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በቴሌቪዥን ይታይ የነበረውን በጎረምሳነቱ አንድ በአንድ የቀዳው ነው። ያኔ ሲያዩት የነበሩት ልጆች አሁን ሸብተዋል፣ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ግን እሁድ ከሰዓት ሲሆን ሹፌሩ፣ ልብስ ሰፊውና ሌሎችም ስድስት ሰባት ሆነው ይመጣሉ። በሬው የሚባለውን ታጋይ ያያሉ፣ ፊቱን ሸፍኖ የሚታገለውን ጭምብሉን ያያሉ፣ እንደ ልጅ ይጮኻሉ። ሪሞቱ ከጋሽ ዴክ እጅ ወጥቶ አያውቅም። «እስቲ ያቺን መልስልን» ሲሉት ወዲያው አይመልስም፤ ትንሽ ያስለምናቸዋል። ሳምንቱን ሙሉ «መቼ ነው የሚያልቀው?» ከማለት በቀር ዞር ብሎ የሚያየው የለም። እሁድ ግን ሰው ነው። ባለቤቱ መጋረጃውን ገለጥ አድርጋ የሻይ ትሪውን ታስቀምጥና ትመለሳለች።

አንድ እሁድ ሹፌሩ እንግዳ ይዞ መጣ። ፀጉር አስተካካይ ነው። እዚያው ሰፈር አድጎ፣ ብዙ ዓመት ሌላ ቦታ ሠርቶ፣ በቅርቡ ተመልሶ ከመንገዱ ማዶ ሱቅ ከፍቷል። አፉ ማር ነው። ቁጭ ብሎ ዐሥር ደቂቃ ያህል አየና፣

«ከረባትስ የታለ?» አለ።

ሁሉም ተያዩ። ከረባት ማለት የፕሮግራሙ አቅራቢ ነው። ፎጣ የሚያህል ከረባት አስሮ፣ ከግጥሚያው በፊት ወጥቶ አንዱን ሲያሞግስ ሌላውን ሲያናድድ፣ ሰዉን ገና ሳይጀመር በሳቅ የሚገድል ሰውዬ ነበር። ጋሽ ዴክ ካሴት ላይ ግን ከረባት ብቅ ይልና፣ አፉን ሊከፍት ሲል፣ ቂው! ምስሉ ይዘላል። ታጋዮቹ ተያይዘዋል።

ስንት ዓመት ሲያዩት አንድም ሰው ልብ ብሎት አያውቅም። ነገሩ እንዲህ ነው። ያኔ ካሴት እንደ ልብ አይገኝም። ጋሽ ዴክ የቪዲዮ ዴኩ ፊት በርከክ ብሎ፣ ጣቱን ፖዝ ላይ አድርጎ ነበር የሚቀዳው። ትግል ሲሆን ይለቃል፣ ወሬ ሲሆን ይጫናል። ወሬ ምን ይሠራል ብሎ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይሄ ነው።

«አርባ አንዱም እንደዚህ ነው?» አለ ልብስ ሰፊው።

«ትግል ነው የቀዳሁት እኔ!» አለ ጋሽ ዴክ፣ ጆሮው ቀልቶ።

«ሠርግ ሄደህ ሙሽራዋን ትተህ ድንኳኑን ነው ያነሣኸው» አለ ሹፌሩ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

ፀጉር አስተካካዩ ብድግ አለ። በጁ ከረባት እንደሚያስተካክል ሆነና ያንን ጎርናና ድምፅ አወጣው። «እናንተ ቁጭ በሉ! መውደቁን ለነሱ ተዉት!»

ከረባት ከመቃብር የተነሣ ነው የመሰለው። ሹፌሩ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። ልክ በዚህ መሃል የጋሽ ዴክ ባለቤት ትሪዋን ይዛ ገባች። ፀጉር አስተካካዩ ሲያያት፣

«ዳኛዋ! እንዴት ነሽ አንቺ!» አላት።

እሷም አፏን በእጇ ይዛ ሳቀችና ወጣች። ዳኛዋ? ጋሽ ዴክ በሃያ ሁለት ዓመት ትዳር እንዲህ ያለ ስም ሰምቶ አያውቅም። ጥርሱ ሳቀ፣ ሆዱ ግን አልሳቀም።

«የከረባት ድምፅ እኮ አለኝ» አለ ፀጉር አስተካካዩ ሲወጡ። «እኛ ቤት ዴክ አልነበረም። ቴፑን ቴሌቪዥኑ ፊት ወንበር ላይ አድርጌ ነበር የምቀዳው። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ፣ ከነሳሉ።»

በሚቀጥለው እሁድ ጋሽ ዴክ ወንበሮቹን ደረደረ፣ ካሴት አስገባ፣ ጠበቀ። ማንም አልመጣም። ትንሽ ቆይቶ ከማዶ ሳቅ ሰማ። በር ላይ ወጥቶ ቢያይ ሁሉም ፀጉር ቤቱ ውስጥ ታጭቀዋል፤ ልብስ ሰፊው መቀመጫ አጥቶ ደፉ ላይ ተቀምጧል። ተመልሶ ሪሞቱን ያዘና በሬውን ብቻውን አየው። በሬው ወደቀ፤ የጮኸ የለም። ጭምብሉም ወደቀ። እንዲያው ሁለት ወፍራም ሰዎች መሰሉት።

ሳምንቱን እንቅልፍ አልነበረውም። የሰው ሬዲዮ ሲበይድ ጣቱን አቃጠለ። በማዶ ሲያልፍ ፀጉር አስተካካዩ ምላጭ ይዞ ሲያወራ በመስታወቱ ያያል፤ ሰው ይስቃል። «ምን ሠርቶ?» ይላል በሆዱ። «እኔ ምስል አለኝ። እሱ ያለው ሳል ነው።» ግን እግሩ አላስቀምጥ አለው። እሁድ ደረሰ፣ ተሻግሮ ገባ።

«ፀጉር ልቆረጥ ነው» አለ።

ፀጉር አስተካካዩ አናቱን ዞሮ አየው። «የቱን?»

እውነትም መላጣ ነው። እዚያ የነበረው ሁሉ ፈነዳ። «በል ጢምህን እንኳ ላንሣልህ» ብሎ ወንበሩ ላይ አስቀመጠው፣ አረፋ ቀባው፣ ቴፑን ከፈተው።

ከረባት ተናገረ። ጋሽ ዴክ ድምፁን ሲሰማ ገላውን ነዘረው፤ ወሬ ነው ብሎ ፖዝ የተጫነበት ነገር ይሄ ነው ለካ! ከዚያ ግጥሚያው ተጀመረ፣ ካሴቱ ውስጥ የቤት ጫጫታ ይሰማል፣ በር ይንኳኳል፣ አንዲት ልጅ ትጮኻለች። «ተነሣ አንተ በሬ! አንድ! ሁለት!» ወለሉን በመዳፏ ትደበድባለች። ከዚያ ሳቀች። መጨረሻ ላይ ስቅ የምትል ሳቅ።

ያቺን ሳቅ ያውቃታል።

«አትንቀሳቀስ፣ ምላጭ ነው የያዝኩት» አለ ፀጉር አስተካካዩ። «ምነው? ባለቤትህ እኮ ናት። ጎረቤት ነበርን። ቴሌቪዥን እኛ ቤት ነበር፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ቀድማ የምትመጣው እሷ ናት። እሷ ካልቆጠረች ማንም አልወደቀም። አልነገረችህም?»

«ነግራኛለች» አለ ጋሽ ዴክ። ዋሸ።

ቤት ሲገባ ግማሽ ጢሙ ተላጭቶ ግማሹ አለ። አላስጨረሰም። ባለቤቱ ልብስ ታጥፋለች።

«ሬስሊንግ ታዪ ነበር?»

«አዎ፣ አይ ነበር!» አለች ፊቱን እያየች። «ምን ሆነህ ነው? ከማን ተጣልተህ ነው?»

«እሱ ቤት ስትስቂ ሰማሁሽ።»

«መቼ?»

«ልጅ ሳለሽ።»

እጇ ላይ ያለውን ሸሚዝ ጣለችና ያቺኑ ሳቅ ሳቀች። «በዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነው የምትቀናው? አንተ ሰው!»

«እኔ ጋ ለምን አታዪም ታዲያ? ሻይ አስቀምጠሽ ውልቅ!»

አሁን ሳቋ ቆመ። «በተጋባን በወሩ ልቀመጥ ብዬ መጣሁ። 'ይሄ የወንድ ነው፣ ይልቅ ሻይ አምጪልን' አልከኝ። አመጣሁ። እስካሁን እያመጣሁ ነው።»

ጋሽ ዴክ የጣለችውን ሸሚዝ አነሣ። እንዳለ ትዝ አለው፤ ቀለል አድርጎ፣ ዓይኑን ከቴሌቪዥኑ ሳያነሣ ነበር ያላት። ሸሚዙን አስቀመጠና፣

«እስቲ ነይ» አላት።

ሱቅ ይዟት ገባ። ያንኑ የበሬውንና የጭምብሉን ግጥሚያ ከፈተ። ከረባት ብቅ አለ፣ አፉን ሊከፍት ሲል እሷ፣ «አቁመው!» አለች። ጋሽ ዴክ ፖዝ ተጫነ። ምስሉ ቆሞ ሲንቀጠቀጥ እሷ የከረባትን ንግግር ከነማሾፉ፣ ከነሳሉ፣ አንድ ቃል ሳትስት ተወጣችው። «ልቀቀው!» ስትለው ለቀቀ፣ ታጋዮቹ ተያያዙ። ተገጣጠመ! ለካ ድምፁ የሚገባው በዚያችው እሱ በቆረጣት ቦታ ነው።

«ቴፑን ከዚህ ጋር ብናገናኘው» አለች። «ሄደህ ጥራው።»

«እሱን? ሞቼ ነው!»

«እንግዲያስ ብቻህን እይ። እኔ ማዶ እሄዳለሁ።»

ሄዶ ጠራው። ምን ያድርግ?

በሚቀጥለው እሁድ ክፍሏ ሞላች። ጋሽ ዴክ የፀጉር አስተካካዩን ቴፕ በሽቦ ከስፒከሩ ጋር በየደው፣ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ዘጋ። ከረባት ሲያወራ ምስሉ ፖዝ መቆም አለበት፣ ወሬው ሲያልቅ መለቀቅ አለበት። የት እንደሚያልቅ በቃሏ የምታውቀው ደግሞ አንድ ሰው ብቻ ናት። ጋሽ ዴክ ሪሞቱን አየው፣ በሸሚዙ ጠረገው፣ ለባለቤቱ ሰጣት። ሹፌሩ «አቤት! አቤት!» ሲል አልሰማሁም አለ።

ከረባት በሕይወት ያለ ያህል ተናገረ። በሬው ሲወድቅ ቴፑ ውስጥ ያለችው ልጅ «አንድ! ሁለት!» አለች፣ ባለቤቱም አብራት ጠረጴዛውን እየመታች ቆጠረች። ፀጉር አስተካካዩ «ይሄው ዳኛዬ!» ብሎ ጮኸ።

ዳኛዬ! ጋሽ ዴክ ቀና ቢል፣ በራሱ ቤት እሱ ብቻ ነው የቆመው። እሷ የሱ ወንበር ላይ ናት፣ አጠገቧ ያ ሰውዬ አለ።

«ቁጭ በል እንጂ ጋሽ ዴክ!» አለ ልብስ ሰፊው። «መውደቁን ለነሱ ተወው!»

ጋሽ ዴክ ጥግ ያለውን ባዶ የቴሌቪዥን ቀፎ አነሣ። ይዞ መጣና፣ «እስቲ ጠጋ፣ እስቲ ጠጋ በል» እያለ፣ በሷና በፀጉር አስተካካዩ መሃል አስቀመጠው። ቦታ አልነበረም። ግን ቁጭ አለበት።

«ተቀመጥክ?» አለችው፣ ምስሉን ፖዝ ላይ አቁማ።

«ልቀቂው» አላት።