ግማሹን የዋጥኩት መልስ

ይህን ለነፍስ አባቴ እንኳ ተናግሬው አላውቅም። በየዓመቱ ለንስሐ እቀርባለሁ፤ ጾም ሻርኩ እላለሁ፣ ሰው አማሁ እላለሁ፣ እናቴን አስቀየምኩ እላለሁ። ስግደት ያዝዙኛል፣ እሰግዳለሁ፣ ቀልሎኝ እመለሳለሁ። ይህን ግን አልነገርኳቸውም። ለምን? አፍሬ ነው? ፈርቼ ነው? ሁለቱም አይደለም። ብነግራቸው ስግደት አዝዘው ይፈቱኛል ብዬ ነው። መፈታት አልፈልግም። እናንተ መፍታት አትችሉምና ለእናንተ ልናገር።

እኔ ሂሩት የጎረቤቴን ልጅ፣ አብሮ አደጌን ነጃትን፣ ትዳሯን ገና ሳይጀመር አፍርሼባታለሁ። ያፈረስኩት በአፌ ነው። የተናገርኩት ውሸት አልነበረም። ውሸት ቢሆን ይሻል ነበር፤ ውሸት አንድ ቀን ይነቃበታል። የእውነቱን ግማሽ ተናግሬ ሌላውን ግማሽ እያወቅሁት ዋጥኩት። እያወቅሁት! እዚህ ላይ አስምሩበት።

የእኛና የነነጃት ቤት ሐረር፣ ፈላና በር አካባቢ ግድግዳ ይጋራሉ። እኛ ክርስቲያን ነን፣ የአባቴ አያት ከሸዋ መጥተው እዚሁ ቀሩ። እነሱ ሙስሊም ናቸው፣ ከጥንትም ጁገል፣ በግንብ በታጠረው አሮጌው ከተማ ውስጥ የነበሩ። እናቷን እማ ኑሪያን ከእናቴ ለይቼ አላያቸውም ነበር። የነጃት ወንድም አብዲ አይሰማም። ዛሬ መኪና ግርግር በሚባለው መንገድ ላይ ልብስ ሰፊ ነው፤ በእጁና በፊቱ ብቻ ሰፈሩን በሳቅ የሚገድል ቀልደኛ። ሰፈሩ የሚያውቀው በሕፃንነቱ ትኩሳት ጆሮውን እንዳሳጣው ነው። እማ ኑሪያ ለሰው የሚሉት እንዲያ ነበር።

ዩኒቨርሲቲ ስገባ ምርጫዬ ሕክምና ነበር፤ የደረሰኝ ጄኔቲክስ ነው። ከወላጅ ወደ ልጅ ስለሚወርደው ነገር የሚያጠና ትምህርት ነው እያልኩ ለሰፈር ሰው ሳስረዳ ምላሴ አለቀ። ላቦራቶሪ ውስጥ የሙዝ ዝንብ በጠርሙስ እናረባለን፣ እናደነዝዛለን፣ ከዚያ በማይክሮስኮፕ ዓይኑ ቀይ የሆነውንና ነጭ የሆነውን እየለየን እንቆጥራለን። ይህን አንድ ቀን ለአጎቴ ነገርኩት፤ በቃ፣ አለቀልኝ። ቤት በመጣሁ ቁጥር «ዛሬስ ስንት ዝንብ ቆጠርሽ?» የማይለኝ ጠፋ። «የሰው ልጅ ተምሮ ሐኪም ይሆናል፣ የእኛዋ የዝንብ እረኛ ሆነች» ይላል አጎቴ፤ ሰው ይስቃል፣ እኔም አብሬ እስቃለሁ። ውስጤ ግን ይቃጠል ነበር። ሰበብ ይሁነኝ ብዬ አይደለም የምነግራችሁ። ክፋቴ ከየት እንደተነሣ እንድታውቁ ነው፤ ከዚህ ከማይረባ ቁጭት ነው የተነሣው።

ሦስተኛ ዓመት ላይ መምህራችን «የምታውቁትን አንድ ቤተሰብ ውሰዱና፣ አንድ የሚወረስ ነገር በትውልዱ ውስጥ እንዴት እንደተላለፈ አጥኑ» አለን። የሰሙትን ለሌላ አለማውራት የሥራው ሕግ ነው ብሎ ደጋግሞ አስጠነቀቀን። እኔ በቀጥታ እማ ኑሪያ ጋ ሄድኩ። ነደባው ላይ፣ ምንጣፍ የተነጠፈበት መደብ ላይ አስቀመጡኝና በሩን ዘጉ።

«ለትምህርትሽ ከሆነ እነግርሻለሁ» አሉ። «አብዲን ትኩሳት አልነካውም። ሲወለድም አይሰማም ነበር። አክስቴም እንዲሁ ነበሩ። እኔና አባቱ የወንድማማች ልጆች ነን። ሂሩት፣ ለአቅመ ሔዋን የደረሰች ልጅ አለችኝ፤ ይህ ነገር ካንቺ አይለፍ።»

በማርያም ብዬ ማልኩላቸው። ሥራውን ሠራሁ፣ ጥሩ ውጤት አገኘሁ። ፈተና ላይም ጥያቄው መጣ። መልሱን ዛሬም በቃሌ እለዋለሁ፦ እንዲህ ያለው አለመስማት ልጅ ላይ የሚታየው ከእናትም ከአባትም ሲወርሰው ነው። አንዱ ወገን ብቻ ተሸክሞት ከሆነ ልጁ ይሰማል። የሥጋ ዘመዶች ሲጋቡ ሁለቱም ያንኑ ነገር ተሸክመው የመገናኘታቸው ዕድል ይጨምራል፤ ከባዕድ ጋር ሲሆን ግን ስጋቱ በጣም ያንሳል። ሙሉ ነጥብ ነው ያገኘሁበት።

በዚያው ሰሞን ነጃት ጀማል የሚባል ልጅ ወዳ ነበር። ፈረስ መጋላ ገበያ ላይ ጨርቅ ይሸጣል። ቤተሰቦቹ ከሐረር ዙሪያ ደጋ የመጡ ነጋዴዎች ናቸው፤ ከነጃት ቤት ጋር ምንም ዝምድና የላቸውም። ሳንገዛ ጨርቅ እየዳሰስን ስንት ጊዜ ሱቁ ደጃፍ ቆመናል! አጃቢዋ እኔ ነበርኩ። ሽማግሌ ሊልክ መሆኑን ከእናቷ በፊት የነገረችው ለእኔ ነው። ደስታዋን የምታስቀምጥበት አጥታ ነበር።

እኛ አገር ሽማግሌ ከመላኩ በፊት የወንዱ ወገን ያጣራል። የሚጠየቀው ጎረቤት ነው። ክርስቲያን ጎረቤት ከተገኘማ ይመረጣል፣ ለማንም አያዳላም ስለሚባል። ተጠያቂውም ደንቡን ያውቃል፤ «ቤቱ የተከበረ ነው፣ ልጅቷ ጨዋ ናት» ብሎ ወሬ ይለውጣል። ጠያቂው እንዲያ እንደሚባል አይጠፋውም፤ የሚያነበው የመላሹን ፊት ነው። እናቴ ይህን ስታደርግ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ያን ቀን ግን እናቴ ለቅሶ ሄዳ ነበር፤ ቤት የተገኘሁት እኔ ነኝ።

የመጡት የጀማል አክስት ናቸው፤ ትልቅ ትንሹ አዳዳ ዘሀራ የሚላቸው። ውሃ ጠጥተው ትንሽ አረፉ።

«የመጣሁት ለእናትሽ ነበር» አሉ። «ግን አንቺው ሳትሻይ አትቀሪም። የዘር ትምህርት ነው አሉ የምትማሪው፣ ማሻአላህ። ልጄ፣ ክርስቲያን ነሽ፣ ለእነሱም ለእኛም አታዳዪም። እኔ ያልተማርኩ ነኝ፣ አንቺ ንገሪኝ። የልጅቷ ወንድም ጆሮውን ያጣው በበሽታ ነው በዘር?»

ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ሰው ስለ ትምህርቴ በቁም ነገር ጠየቀኝ። ወገቤን አቀናሁ። ድምፄን እንደ መምህሬ አደረግሁ። «በዘር ነው» አልኩ። «ሲወለድ ጀምሮ ነው። ነጃትም ባይታይባትም ተሸክማው ሊሆን ይችላል፤ ወደ ልጆቿም ሊያልፍ ይችላል።»

አዳዳ ዘሀራ «ያ ረቢ!» ብለው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። አመሰገኑኝና ተነሡ። እስከ ውጭው በር ሸኘኋቸው። እስከ ውጭው በር! ጊዜ ነበረኝ። «ጀማል ባዕድ ስለሆነ ብዙም የሚያሰጋ ነገር የለም» ለማለት ምን ያህል ትንፋሽ ይፈጃል? አላልኩም። ያን ብጨምር የመጀመሪያው ንግግሬ ይቀልብኝ ነበር፤ አዋቂነቴ ያንስብኝ ነበር። ምክንያቱ ይኸው ነው። ሌላ ብፈልግ፣ ብቆፍር አጣሁ። ቅናት ቢሆን እንኳ ሰው ይረዳው ነበር። እኔ አብሮ አደጌን የሸጥኩት አንዲት ሴት አዋቂ ናት እንድትለኝ ነው።

ደግሞስ የጀማልን ዘር ማን ጠየቀ? ማንም! ሴቷ ብቻ እንደ ገበያ ላም ጥርሷ ይታያል። ይህን መጠየቅ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። ከሁለት ወገን እንደሚመጣ የተማርኩት እኔ ብቻ ነኝ፤ እኔው ከአንድ ወገን የመጣ አስመሰልኩት። በአዳዳ ዘሀራ አልቆጣም፤ የጠየቁት እንደ ደንባቸው ነው። የምቆጣው በራሴ ነው፤ ቁጣውም ዓመት በጨመረ ቁጥር ይብስብኛል እንጂ አይበርድም።

ሽማግሌው አልመጣም። ጀማል ሌላ አገባ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና ወሬው ከሱቅ ወደ ሱቅ፣ ሴቶቹ ለሠርግና ለለቅሶ ከሚረዳዱበት ከአንዱ አፎቻ ወደ ሌላው አፎቻ ዞረ። «የዚያ ቤት ደም ደንቆሮ ነው» ተባለ። ከማን እንደወጣ ግን አልታወቀም፤ አዳዳ ዘሀራ ስሜን አልጠሩም። እማ ኑሪያ ብቻ አንድ ቀን በር ላይ አስተውለው አዩኝና «አማን ነሽ፣ ልጄ?» ብለው አለፉ። ያወቁ ይመስለኛል። በሞቱ ጊዜ ከልጃቸው ባልተናነሰ አለቀስኩ፤ ለቀስተኛው ሁሉ አዘነልኝ።

ከዚያ በኋላ ለነጃት የሚመጣ ባዕድ ጠፋ። ቤተሰቡ ተመካከረና ለአጎቷ ልጅ ሰጣት፤ «ገመናችንን የሚሸፍነው የራሳችን ሰው ነው» ተባለ። ገባችሁ? ባዕድ ብታገባ የሚያሰጋት ነገር ብዙም አልነበረም። እኔ ባዕዱን አስፈራርቼ አባረርኩና ስጋቱ ወደሚበዛበት፣ ወደ ሥጋ ዘመዷ ገፋኋት። ዘመድ ከዘመድ ሲጋባ የሚሆነውን በፈተና ወረቀት ላይ የጻፍኩት እኔ! ሠርጓ ላይ ጨፈርኩ። ልጇ ራህመት ተወለደች፤ ራህመት አትሰማም።

ለልጅቷ እንዳታዝኑላት። ከአጎቷ ከአብዲ ጋር በእጅ ቋንቋ ሲያወሩ የሚደርስባቸው የለም፤ እኔን ራሴን ሲያሙኝ አይቻለሁ። ስለ መወለዷ ይቅርታ ብጠይቅ ምላሴ ይቆረጥ። በደሌ እሷ አይደለችም። በደሌ ነጃት የወደደችውን እንድታጣ፣ ያልመረጠችውን እንድታገባ፣ በገዛ ደሟ እንድታፍር ማድረጌ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አዳዳ ዘሀራ ፈረስ መጋላ ላይ አገኙኝ። እጄን በሁለት እጃቸው ያዙት። «ወላሂ አንቺ ነሽ ያወጣሽን» አሉኝ። «ያልሽው ሆነ አይደል?» አዎ፣ ያልኩት ሆነ። ስላልኩት ሆነ። ይህን ግን አልመለስኩላቸውም። ባጃጅ ጠርቼ አሳፈርኳቸው።

አሁን አቦከር ትምህርት ቤት ውስጥ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ያ ምዕራፍ በየዓመቱ ይመጣል፤ ጠመኔዬን ይዤ ሰሌዳ ላይ አስረዳለሁ፣ ተማሪዎቼም ይጽፋሉ። ግማሽ መልስ ለጻፈ ዜሮ ነው የምሰጠው። ጨካኝ ናት ይሉኛል። አልተሳሳቱም።

ባለፈው ሳምንት ነጃት ራህመትን ይዛ ቤቴ መጣች። አማቷ በየቀኑ «ልጃችንን ያበላሸው የአንቺ ደም ነው» እያሉ እንዳስመረሯት ነገረችኝ። «ሂሩት፣ አንቺ ተምረሻል፤ እውነት የእኔ ደም ብቻ ነው?» አለችኝ። ከባልሽም ከአንቺም እኩል ነው፣ አንዱ ብቻውን አያመጣውም አልኳት። «ባዕድ ባገባስ ኖሮ?» አለች። ያን ጊዜ የዋጥኩትን ግማሽ፣ ዘግይቼ፣ አንድም ሳላስቀር ነገርኳት።

ጀርባዋን ወደ ግድግዳው አስደገፈች። ከዚያ «ያኔ ይህን ለጀማል ሰዎች የሚነግርልኝ አንድ ሰው ባገኝ ኖሮ!» አለች። አንድ ሰው! ፊት ለፊቴ ተቀምጣ ነው ይህን ያለችው። እኔ የራህመትን ሹራብ ቁልፍ መቆለፍ ጀመርኩ፤ ቁልፉ ቀድሞም ተቆልፎ ነበር።

ይቅር በሉኝ አልልም። ልጅ ነበርኩም አልልም፤ በዚያ ዕድሜዬ መማልም መመራመርም ችዬ ነበር። ይቅር ልትለኝ የምትችለው አንዲት ሴት ናት፤ ለእሷ አልተናገርኩም። ለእናንተ መናገሬ ድፍረት እንዳይመስላችሁ፤ ፍርሃቴ ነው እዚህ ያመጣኝ። ነጃት ያን ቀን ስትወጣ ግንባሬን ሳመችኝ። «ከልቤ ላይ ሸክም አወረድሽልኝ። አላህ ዕውቀትሽን ይጨምርልሽ» አለችኝ።

እኔም አሜን አልኩ።